ከደመናው ውስጥ የሰረቅኩት ቃልሽ

ሉባባዬ፣ የእህቴ ልጅ፤

አላህ በራሕመቱ ይቀበልሽና፣ ከተለየሽን ዘጠነኛ ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ስትሄጂ የግቢያችሁ ማንጎ ገና አበባ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ አፈራ፣ በሰለ፣ ለጎረቤት ተላከ፣ የተረፈውን ወፍ ጨረሰው። ክረምቱም መጥቶ የአሶሳን መንገድ አቡክቶ ሄደ። እኔ እንዳለሁ አለሁ። ሆዴ ትንሽ ቀንሷል። "አያ ሰይድ፣ ሆድህ ስለጋረደው ሰሌዳው አይነበብም" ትይኝ ነበር፤ አሁን ቢያንስ ግማሹ ይነበባል።

ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። የኔ ሙያ ሰሌዳ ነው፤ "ጎማ እንጠግናለን"፣ "ፀጉር አስተካካይ"፣ "እዚህ መሽናት ክልክል ነው"። ሰው ቆሞ ሳይሆን እያለፈ የሚያነበው ሦስት አራት ቃል። ፊደሉንም ቢሆን የለየሁት ከዱቄት ከረጢትና ከዘይት ጀሪካን ላይ ስለሆነ፣ ነገር ሲረዝም እጄ ይደክማል። ዛሬ ግን ይደክም። የሰረቅኩብሽ ነገር አለ፤ ልመልሰው የምችለውም በጽሑፍ ብቻ ነው።

እናትሽ ከቀብርሽ ማግስት ጀምሮ አንዲት ጥያቄ ትጠይቅ ነበር። እርሳሶችሽን የምታስቀምጪበትን የቆርቆሮ ሣጥን ስትከፍት፣ ከሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ክኒን አገኘች። ከልጅነትሽ ጀምሮ ለሚጥልሽ በሽታ የምትወስጂው ክኒን። የሁለት ወር፣ ከዚያም በላይ የሚሆን፣ ያልተነካ። "ለምን ተወችው?" አላለችም። "ለምን አልነገረችኝም?" ነው ያለችው። ምስር ስትለቅም ትላለች፣ ልብስ ስታጥብ ትላለች፣ እኔን በር ላይ ስታየኝ ትላለች። "ሰይዴ፣ እኔ ክፉ እናት ነበርኩ? ልጄ ለምን ፈራችኝ? ለምን አልነገረችኝም?"

ነግረሻት ነበር፣ ሉባባዬ። በደንብ አድርገሽ ነግረሻት ነበር። በመንገድ ላይ ያስቀረሁት እኔ ነኝ።

ነገሩ የት እንደተጀመረ ታስታውሻለሽ? ጾሬ የስደተኞች ካምፕ ያስተምር የነበረው ጎረቤታችን ሽፋኑ የተገነጠለ የውጭ አገር የሥዕል መጽሐፍ ያመጣልሽ ቀን። ሁለታችንም ቋንቋውን አናውቅም። እኔ ገልበጥ አደረግኩና፣ "ይሄ ሰውዬ ካልሲውን እስከ አንገቱ የጎተተው ብርድ ይዞት ነው?" አልኩ። አንቺ አልሳቅሽም። ጀግናው ግድግዳ ሲያፈርስ ከበስተኋላው፣ ጥግ ላይ፣ ተኮራምታ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ነበረች። ጣትሽን እሷ ላይ አሳርፈሽ፣ "አያ፣ እኔ የእሷን ታሪክ ነው የምፈልገው" አልሽኝ። በሳምንቱ የራስሽን የሥዕል መጽሐፍ ጀመርሽ፤ እያንዳንዱን እትም "ቁጥር" እያልሽ። ስሙንም "እንቢ ያለ ኃይል" አልሽው።

እኔ እንዴት ሳቅኩ! ጀግኖችሽን ሳይ መሳቅ አልነበረብኝም ትያለሽ? ቶሎሳ የባምባሲው፣ ሲፈራ የሰፈሩ ጣሪያ ቆርቆሮ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ ፈሪ ስለሆነ ቆርቆሮው ዕረፍት የለውም። አልሃዲ ሲያፍር እጁ ይግላል፤ የያዘው ማንጎ ወዲያው ይበስላል፣ ትንሽ ከቆየ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ሰው መጨበጥ ትቷል። ሳራ ስሟ ሲጠራ ትሰወራለች፤ መምህሩ ስም በጠራ ቁጥር ቀሪ ተብላ ትመዘገባለች። ነጃት ደግሞ ጊዜን ታቆማለች። ዝናቡ አየር ላይ ይቀራል፣ ባጃጁ በሁለት ጎማው እንዳዘመመ ይቆማል፣ ዶሮዋ ክንፏን እንደዘረጋች ትደርቃለች። ግን ጊዜ ሲቆም ነጃትም ትወድቃለች። ስትነሳ ምን እንዳደረገች አታውቅም፤ ሰው ብቻ ከቧት ቆሟል።

"ምን ዓይነት ጀግኖች ናቸው?" እልሽ ነበር። "ስንት ቁጥር ሙሉ አንድ ሌባ እንኳ አልያዙም!"

"አያ፣ መጀመሪያ የራሳቸውን እጅ ይያዙ። ሌባው የት ይሄዳል?"

ነጃት አንቺ እንደሆንሽ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም ነበር። እኔ አውቅ ነበር፤ እናትሽም ታውቅ ነበር፤ ክፍልሽም ያውቅ ነበር። ማንም ግን አፍ አውጥቶ አይልም። ሥዕሉ ስላለ መናገር አያስፈልገንም ነበር መሰለኝ። አንቺም የመረጥሽው ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

የአሠራራችንን ነገር ሳስበው ዛሬም ፈገግ እላለሁ፤ ከዚያ ፈገግታው አፌ ላይ ይመርራል። አንቺ ሥዕሉን ትስያለሽ፣ ከየሰዉ አፍ በላይ ባዶ ክብ ትተያለሽ። "ደመና" ብለሽ ስም ያወጣሽላቸው አንቺ ነሽ። ደመናው ውስጥ የሚገባውን ቃል ደግሞ ከካሬ ደብተር በቀደድሽው ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ትሰጭኛለሽ። እኔ በቀጭን ብሩሽ፣ በጥቁር ቀለም፣ በሰሌዳ ፊደሌ እሞላዋለሁ። "የኔ ፊደል ይንቀጠቀጣል፣ ያንተ ያምራል" ብለሽ ነው። ለምን እንደሚንቀጠቀጥ ስጠይቅሽ፣ "ቡና አብዝቼ ነው" አልሽኝ። አመንኩሽ። ቡና እንደማትወጂ እያወቅኩ አመንኩሽ።

ጨዋታዬንም ታውቂዋለሽ። በየቁጥሩ አንድ ደመና እሰርቃለሁ። የአንቺን ቃል አውጥቼ የራሴን ቀልድ እከታለሁ። ፎቶ ኮፒ ተደርጎ፣ ታጥፎ፣ በስቴፕለር ተመትቶ እስኪመጣ አታዪውም፤ ሕጋችን ነው። ከዚያ የሰረቅኩትን ደመና ፈልገሽ ታገኛለሽ፣ ጫማሽን አውልቀሽ ትወረውሪብኛለሽ። በሦስተኛው ቁጥር አልሃዲ ፈተና ላይ እርሳሱ ቀለጠበትና አንቺ "ማንም አያየኝ" አስብለሽው ነበር፤ እኔ "ለዚህ ነው እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ የተባለው" አልኩለት። ያ ጫማ እስካሁን ግንባሬ ላይ ይሰማኛል። ሰዉ ወደደው። ባጃጅ ነጂዎቹ በሲባጎ እያሰሩ ከመቀመጫው ፊት አንጠለጠሉት፤ ከገበያ እስከ ዩኒቨርሲቲ የሚሄድ ተሳፋሪ ሁሉ የነጃትን መውደቅ እያነበበ ይሄድ ጀመር። እኔም ደረቴን ነፋሁ፤ ሰው የሚስቀው በእኔ ደመና ነዋ።

ሱቄ ውስጥ የወደቅሽበትን ቀን ደግሞ አልረሳውም። ለአንድ ምግብ ቤት በግ እየሳልኩ ነበር። አንቺ ወንበሩ ላይ ሆነሽ፣ "አያ፣ በግህ ፂም ያወጣ የቀበሌ ሊቀመንበር መሰለ" ብለሽ ሳትጨርሺ ወደቅሽ። እኔ ምን አደረግኩ? አገሩ ሁሉ የሚያደርገውን አደረግኩ። ክብሪት ጫርኩና ጭሱን አፍንጫሽ ሥር ያዝኩት። ዙሪያዬን ቲነር፣ ቀለም፣ በቲነር የራሰ ጨርቅ! ስትነቂ ክብሪቱን አየሽ፣ ጣሳዎቹን አየሽ፣ እኔን አየሽ። "አያ፣ ልታነቃኝ ነው ወይስ ከነሱቁ ልታነድደኝ?" አልሽኝ። ሁለታችንም እንባ እስኪመጣን ሳቅን። በስድስተኛው ቁጥር ነጃት ስትወድቅ ሰዉ ሁሉ ክብሪት ይዞ ሲራኮት ሳልሽ፤ እሷንም፣ "ክብሪቱን ተዉት፤ በጎኔ አስተኙኝና አጠገቤ ቁጭ በሉ" አስባልሽ። ያንን ደመና አልነካሁትም። ምነው የነካሁት እሱ በሆነ።

ሰባተኛው መጣ።

ገጾቹን ስታመጪልኝ ገና ከሩቁ ደነገጥኩ። መስመርሽ ቀጥ ብሎ ነበር፤ እንደ ክር የተሳበ። የእናትሽ የሻሽዋ ሽብሽብ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ቁራጭ ወረቀቱ ላይ ያለው ፊደልሽ እንኳ አይንቀጠቀጥም። "አንቺ! እጅሽ ዳነ!" አልኩሽ። "እንግዲህ ብሩሼን ልሸጥ ነው፣ ሥራዬን ልትቀሚኝ ነው!" ፈገግ አልሽ። ፈገግ ብለሽ ጠበቅሽ። አሁን ነው የገባኝ፤ "እንዴት ዳነ?" እስክልሽ ነበር የጠበቅሽው። እኔ ግን ስለ ብሩሽ ዋጋ ቀልድ ጨመርኩ።

የመጨረሻው ገጽ ላይ ነጃትና እናቷ ቁጭ ብለዋል። እናትየው ምስር ትለቅማለች። ቁርጥ እናትሽ ዘይነባ ናት። ነጃት አጠገቧ ሆና ወደ ትሪው አቀርቅራለች፤ ከራሷ በላይ አንድ ትልቅ ደመና። ቁራጭ ወረቀትሽ ላይ እንዲህ ይል ነበር፦

"እማ፣ ክኒኑን ከተውኩ ሁለት ወር ሆነኝ። እጄ እንዲጸናልኝ ነው። ያ ነገር እየተመለሰብኝ ነው፤ ፈርቻለሁ። አትቆጪኝ፤ ግን እወቂልኝ።"

አነበብኩት። ብሩሼ ቀለም እንደያዘ አየር ላይ ቆመ፤ እንደ ነጃት ዝናብ። ሰው ቢጠይቀኝ "ተረት መስሎኝ ነው" እል ነበር፤ ለራሴም ስንት ወር እንደዚያ ስል ኖርኩ። ለአንቺ ግን አልዋሽም፤ እጅሽን ያንቀጠቅጥ የነበረው ቡና ሳይሆን ክኒኑ ነበር። ገብቶኝ ነበር። ለአንድ ትንፋሽ ያህል፣ ሙሉ በሙሉ ገብቶኝ ነበር። ያ የገባኝ ነገር ከበደኝ፤ እኔ ደግሞ ነገር ሲከብደኝ የማደርገው አንድ ነው። ሰው እንዳይከፋው ብዬ፣ የመጨረሻ ገጽ በሳቅ ይለቅ ብዬ፣ ቃልሽን አውጥቼ ይህን ጻፍኩ፦

"እማ፣ ዓለምን ከማዳኔ በፊት ምሳ ምንድን ነው?"

ቁራጯን ወረቀት ቀይ ቀለም ጣሳ ሥር አስቀመጥኳት። ገጹን ይዤ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። እያፏጨሁ ነው የሄድኩት።

እናትሽ ማንበብ እንደማትችል አንቺም እኔም እናውቃለን። እያንዳንዱን ቁጥር የማነብላት እኔ ነኝ፤ ቆርቆሮውን እያንቀጠቀጥኩ፣ እንደ መምህሩ ስም እየጠራሁ። አንቺ ይህንን ቆጥረሽ ነበር። በራስሽ አፍ መናገር ሲያቅትሽ፣ በነጃት አፍ አስገብተሽ በእኔ አፍ እንዲወጣ አድርገሽ ነበር ያዘጋጀሽው። መንገዱ ሁሉ የተጠረገ ነበር። አንድ አጎት ብቻ ነበር የቀረው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዘይነባ ከመደቡ ላይ ተመቻችታ፣ "በል አንብብልኝ፤ ልጄ ደግሞ ምን አለች?" አለችኝ። አንቺ በሩን ተደግፈሽ ቆመሻል። እጆችሽን ከጀርባሽ አድርገሻል። አነበብኩ፣ አነበብኩ፣ የመጨረሻው ገጽ ደረስኩ። አንቺ ዓይንሽን ከእናትሽ ፊት ላይ አልነቀልሽም። እኔም ድምፄን አቅጥኜ፣ "እማ፣ ዓለምን ከማዳኔ በፊት ምሳ ምንድን ነው?" አልኩ።

ዘይነባ ሳቀች። ጭኗን እየመታች ሳቀች። "እውነቷን ነው! ሆዷን አትረሳም ይቺ!"

እኔ ወደ አንቺ ዞርኩ፤ ጫማውን ለመሸሽ አንገቴን ቀብሬ። ጫማ አልመጣም። አንድ ጊዜ አየሽኝ። "ይሁን፣ አያ" አልሽ፤ ከዚያ ገመድ ላይ የተሰጣውን ልብስ ልትሰበስቢ ወጣሽ። ልብሱ ገና ርጥብ ነበር።

"ይሁን።" ሉባባዬ፣ በዚህች ቃል እየተጽናናሁ ስንት ወር ተኛሁ መሰለሽ?

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ፣ እናትሽና እኔ ገበያ ወጣን። አንቺ ስምንተኛውን እየሳልሽ ቀረሽ። እኔ እንዲያውም ስንወጣ፣ "ዛሬ ደግሞ ማንን ልትጥይ ነው?" ብዬሻለሁ። ስንመለስ ቤቱ ዝም ብሏል። እርሳሱ እጅሽ ውስጥ ነበር። በደረትሽ ተደፍተሽ፣ ፊትሽ ፍራሹ ውስጥ ነበር። በጎንሽ የሚያስተኛሽ፣ አጠገብሽ ቁጭ የሚል አንድ ሰው አልነበረም። እናትሽ ብታውቅ ኖሮ ገበያ አትሄድም ነበር። እኔ አውቅ ነበር፤ ሽንኩርት እየመረጥኩ ነበር።

ሰደቃሽ ካለፈ በኋላ ሱቁን ሳጸዳ ቀዩን ጣሳ አነሳሁ። ወረቀቷ ከሥሩ ተጣብቃ መጣች፤ ዙሪያዋን ቀይ ክብ ተስሎባታል፤ ቃልሽ በመካከሉ። ደመና ውስጥ የገባ መሰለ። ኪሴ ከተትኳት። ዘይነባ "ለምን አልነገረችኝም?" ባለች ቁጥር ኪሴን እነካለሁ፤ ከዚያ የአየሩን ነገር አወራለሁ። ይህን ያደረግኩት አንድ ቀን አይደለም። ሚያዝያን ሙሉ፣ ግንቦትን ሙሉ፣ ክረምቱን ሙሉ ነው። ሰው "አያ ሰይድ ሐዘኑ በረታበት፣ ቀልድ ተወ" አለኝ። አዘነልኝ። ያ ማዘኑ ከሁሉ የባሰ ነበር።

በመጨረሻ ያወጣኝ ሃሚስ ነው፤ ያ ሰማያዊ ባጃጅ ያለው፣ የበርታው ልጅ፣ በአማርኛው ሴቱንም ወንዱንም "እሱ" የሚለው፣ የነጃትን ሁሉንም ቁጥር አንድ ላይ ሰፍቶ የያዘው። ባለፈው ወር አሳፍሮኝ ሲሄድ ሰባተኛውን ገልጦ አሳየኝ።

"አያ ሰይድ፣ ይሄ ገጽ ላይ ሰው ሁሉ ይስቃል። ሼኩም ስቋል፣ ፖሊሱም ስቋል። ሉባባ ብቻ አልሳቀም።"

"መቼ?" አልኩት።

"አንድ ቀን እዚህ ተቀምጦ አነበበ። ልክ አንተ ባለህበት። 'ሃሚስ፣ ይሄን ያልኩት እኔ አይደለሁም' አለኝ። 'እንግዲያ ምን አልክ?' አልኩት። ወረደ፣ ሄደ። ወላሂ፣ እኔ እስከ ዛሬ ምን ሊል ነበር እያልኩ አስባለሁ።"

ባጃጁን አስቁሜ ወረድኩ። በመጣሁበት በእግሬ ተመለስኩ። ሃሚስ "አሞሃል?" እያለ ተከተለኝ። የዘይነባ ቤት እስክደርስ ወረቀቷን ከኪሴ አውጥቼ በእጄ ይዣት ሄድኩ፤ ኪሴ ውስጥ ከተመለሰች ዳግም እንደማላወጣት ስለማውቀው።

እናትሽ ምስር ትለቅም ነበር። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩና ነገርኳት። ደመናውን፣ ጨዋታውን፣ ጣሳውን። ከዚያ አነበብኩላት። ድምፄን ሳላቀጥን፣ ሳላጣፍጥ።

"ድገመው" አለች። ደገምኩት።

"ድገመው።"

ለሦስተኛ ጊዜ ስጨርስ ትሪውን ቀስ አድርጋ መሬት አስቀመጠች። እንድትጮህብኝ ጠበቅኩ፤ በትሪው ብትመታኝ ደስ ባለኝ። እሷ ግን ግድግዳውን እያየች እንዲህ አለች፤ "እኔ ስቄ ነበር፣ አይደል? ልጄ ፈርቻለሁ ስትለኝ እኔ ጭኔን እየመታሁ ስቄ ነበር።"

"እቴ፣ የሳቅሽው በእኔ ቃል ነው እንጂ በእሷ አይደለም..."

"እሷ ግን በር ላይ ቆማ ያየችው የእኔን ፊት ነው፣ ሰይዴ።" ትሪዋን አንስታ፣ "ውጣልኝ" አለችኝ።

ወጣሁ። ያንን ነገር ላንቺ መጻፍ ይከብደኛል፤ ቢሆንም ልታውቂው ይገባል። እናትሽ "ለምን አልነገረችኝም?" ማለት ትታለች። ጥያቄዋን መለስኩላት። በምትኩ የሰጠኋት ደግሞ ያንን ሳቅ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚከብድ አላውቅም። እውነቱ ግን የእሷ ነበር፤ ያን ሁሉ ወር በኪሴ ይዤው ልዞር መብት አልነበረኝም።

አሥራ አንድ ቀን በሯን አልከፈተችልኝም። በእነዚያ ቀናት ቃልሽን በትክክል ጽፌ፣ በደመናው ልክ ቆርጬ፣ ባጃጅ ተራ ሄድኩ። ከየመቀመጫው ፊት እያወጣሁ በቀልዴ ላይ ለጠፍኩት። አንዳንዱ ነጂ "ያ የሚያስቀው ገጽ የት ገባ?" ብሎ ተቆጣኝ። ሃሚስ ግን አንብቦ ሲያበቃ ሞተሩን አጠፋ። ገጹን ወደ ቦታው መልሶ፣ "እንዲህ ነው ለካ ሊል የነበረው" አለ። እኔ ሳልፍ ዓይኑን ከእኔ ማሸሽ ጀምሯል፤ እንደዚያ ማድረግ መብቱ ነው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን እናትሽ ሱቄ መጣች። የምታውቂውን አረንጓዴ ሻሽዋን አስራ፣ ጠመኔ በእጇ ይዛ። ለመቀመጥ እንኳ አልጠየቀችም።

"ወረቀቷን አምጣ። አስተምረኝ" አለች። "ከእንግዲህ የልጄን ቃል በሰው አፍ አልሰማም።"

እኔም አንድ ያረጀ ሰሌዳ ገልብጬ አቆምኩላትና "ሀ" ብዬ ልጀምር ብሩሼን አነሳሁ። "ሀ አልፈልግም" አለችኝ። "ልጄ በምን ጀመረች?"

"በ'እ'።"

"ከዚያስ?"

"'ማ'።"

ሁለቱን ጻፍኩላት። በጠመኔዋ እየተከተለች ሳለቻቸው፤ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ልክ እንደ አንቺ ፊደል። አንድ ላይ አነበበቻቸው። ያነበበችው ምን እንደሆነ ሲገባት ጠመኔው ከእጇ ወደቀ። እኔ ዞር ብዬ ንጹሕ ብሩሽ ማጠብ ጀመርኩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ በየቀኑ ከዐሥር ሰዓት በኋላ ትመጣለች። ይቅር አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። "ሰይዴ" ማለቱን ትታ "አስተማሪው" ትለኛለች፤ እንደ ስድብ ነው የምትለው፣ ይገባኛልም። "ክኒኑን" ለማለፍ አራት ቀን ፈጀባት። "እጄ"ን በአንድ ቀን ለየችው። አሁን "ፈርቻለሁ" ላይ ነን። "ቻ" ታስቸግራታለች። "ይቺ ፊደል እግሯ ለምን ተጣመመ?" ብላ ተቆጣችኝ። የድሮው ሰይድ ቢሆን ለዚህ ሦስት መልስ ነበረው። "እንደዚህ ነው የምትጻፈው" ብቻ አልኳት።

ስምንተኛው ደብተርሽ እኔ ጋር ነው። እናትሽ ሰጠችኝ፤ "ቀለም እንዳይነካው ጠብቀው" ብላ። ሥዕሉ ሊያልቅ ሁለት ገጽ ቀርቶታል። የመጨረሻው ሥዕል ላይ ነጃት ወድቃለች፤ ዝናቡ አየር ላይ ቆሟል። ግን ጊዜ ቆሞ ሳለ የሚንቀሳቀሱ ሦስት ሰዎች አሉ፤ እንዴት እንዳስቻልሻቸው አላውቅም። ቶሎሳ እየፈራ ቀርቦ በጎኗ አስተኝቷታል። ሳራ ስሟ ተጠርቶም ሳትሰወር ቀርታለች። ማንንም የማይጨብጠው አልሃዲም የነጃትን እጅ ይዟል። ከአራቱም በላይ ደመናዎች አሉ። ባዶ ናቸው። ቁራጭ ወረቀት የለም። ሣጥንሽን፣ ፍራሽሽን፣ መጻሕፍትሽን ሁሉ አገላብጠናል፤ የለም።

ሃሚስና ጓደኞቹ "ሙላውና ይውጣ፣ አንተ ትችላለህ" ብለውኛል። ችሎታውማ አለኝ። አራት ደመና መሙላት ለእኔ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ሰውም ያለቅስልኝ ነበር። ግን አልሞላውም። ደብተሩ ከነባዶ ደመናው ፎቶ ኮፒ ይደረጋል፣ በሲባጎ ይታሰራል፣ ከገበያ እስከ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል። አንድ ሰው "ነጃት ምን አለች?" ብሎ ሲጠይቀኝ "አላውቅም" እለዋለሁ። ይህችን ቃል ስናገር ታውቂኛለሽ? እኔ የማላውቀውን እንኳ ሳልቀልድበት አልፌ አላውቅም ነበር።

የምገባልሽ ቃል ይኸው ነው። አንቺን ሳስታውስ የምታስቀውን ሉባባን ብቻ መርጬ አላስታውስም፤ በር ላይ እጆቿን ከጀርባዋ አድርጋ የቆመችውንም አስታውሳለሁ። እናትሽ ወረቀቷን ከዳር እስከ ዳር በራሷ አፍ እስክታነብ በየቀኑ ሰሌዳውን አጥቤ እጠብቃታለሁ። ያኔ ለእኔ አታንብቢልኝ እላታለሁ። መቃብርሽ ጋ ሄዳ ለአንቺ ታንብብልሽ፤ እንደሰማችሽ እወቂ። እኔ ከአጥሩ ውጭ ሆኜ ጫማዎቿን እጠብቃለሁ።

ይህንን ደብዳቤ ስታነቢ እንደ ልማድሽ አያ የቱን ቦታ ሰረቀ ብለሽ ትፈልጊ ይሆናል። አትፈልጊ፣ ሉባባዬ። በዚህኛው አልሰረቅኩም።

አጎትሽ ሰይድ፣
አሶሳ